ካራ ያለው ካሴት ቤትና የተስፋዬ ለማ ስም

ቤታችሁ የድሮ ካሴት፣ ሸክላ ወይም የሪል ክር (በትልቅ ጥቅል የሚጫወተው የድሮው ቴፕ) ካለና ወደ ፍላሽ ለማስገልበጥ ካሰባችሁ፣ ካራ ያለችውን ትንሽ ቤት ሞክሩ። ከመገናኛ በኮተቤ በኩል የሚሄደውን ታክሲ ይዛችሁ ካራ ትወርዳላችሁ። ወደ ለገጣፎ በሚያወጣው አስፋልት ጥቂት እንደሄዳችሁ ኮብልስቶን የተነጠፈ ቅያስ ታገኛላችሁ። ወፍጮ ቤቱን አልፋችሁ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያላት እርሷ ናት። በሩ ላይ «ካሴት፣ ሪል፣ ሸክላ እንገለብጣለን» ከሚል ጽሑፍ በቀር ሌላ ስም የላትም፤ ሰፈሩ ካሴት ቤት ይላታል።

ድምፅ አጥርቶ የሚገለብጥ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሌላም ይኖራል። እኔ ይህን ቤት እንድታውቁት የፈለግሁበት ዋናው ምክንያት ግን ስም ነው። እዚህ ቤት አንድ ዘፈን ሲገለበጥ የድምፃዊው ስም ብቻ ሳይሆን ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን የደረሰው፣ ያቀናበረውና መሣሪያውን የተጫወተው ሰው ስም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በፊት መሀል ከተማ አንድ ሙዚቃ ቤት ካሴቶች ሰጥቼ ነበር። የተመለሰልኝ ፍላሽ ላይ «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02» እየተባለ ይወርዳል እንጂ ከካሴቱ ሽፋን አንዲት ፊደል አልተወሰደችም። ድምፁም በገመድ አልተቀዳም፤ ስልክ ስፒከሩ አጠገብ ተቀምጦ የተቀዳ ነው፤ በመሀል የመኪና ጥሩንባ ይሰማል። ያንን ከሰማሁ በኋላ የታላቅ ወንድሜን፣ የወንድም ጋሼን፣ የቴፕ ካርቶን ለማንም ላለመስጠት ወስኜ ነበር። ካራ ያለውን ቤት የነገረችኝ ድሮ ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ የአባቷን የሠርግ ካሴት አስገልብጣ ነበርና «ቲቸር፣ እነዚህ ሰዎች ያነባሉ» አለችኝ። ያሳመነችኝ እሱ ቃሏ ነው።

ካርቶኑ ምን እንደያዘ ልንገራችሁ። ታላቅ ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ተማሪ ሳለ ስድስት ኪሎ የሚደረግ ትርኢት አያመልጠውም ነበር። በኋላም ሥራ ሲይዝ የመጀመሪያ ደመወዙን አጠራቅሞ የሪል ቴፕ ገዛና ከራዲዮ ይቀዳ ጀመር። የቀዳውን ሁሉ ይጽፋል። ካርቶኑ ውስጥ ካሉት ሪሎች በአንደኛው ሳጥን ጀርባ ላይ በሰማያዊ ቀለም «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ፣ ከራዲዮ፣ መሪ ተስፋዬ ለማ» ይላል፤ ከሥሩ መሣሪያዎቹን በቁጥር ደርድሯቸዋል። ያቺን ሳጥን ነው ይዤ የሄድኩት።

ተስፋዬ ለማን በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ያውቀዋል። ወጣቶች ግን እኔ ሠላሳ ዓመት ባስተማርኩበት የቴአትርና የሙዚቃ ክበብ ውስጥ ያሉት ሳይቀሩ ስሙን ሲሰሙ ያፈጥጡብኛል። ስለዚህ ስለ ቤቱ ከመቀጠሌ በፊት ስለ እርሱ ልበል።

ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1963 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። ያቋቋመው በግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብ ነው። ሐሳቡ ለዚያ ዘመን ትልቅ ድፍረት ነበር። ማሲንቆ የአዝማሪ ነው፤ ጠጅ ቤትና ሠርግ ቤት ነው ቦታው። በገና የጾምና የጸሎት ነው። እምቢልታና መለከት የቤተ መንግሥትና የሹመት ናቸው። ዋሽንት የእረኛ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች ባለቤታቸውም ጊዜያቸውም ይለያያል፤ በአንድ መድረክ ተደርድረው አንድ ዘፈን ይጫወታሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። ኤል-ዳብ ሲሄድ ጆን ኮ የሚባል የአሜሪካ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) በጎ ፈቃደኛ ለጥቂት ጊዜ መራው፤ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ደግሞ ተስፋዬ ለማ ተረከበው። ቡድኑ እስከተበተነበት እስከ 1975 (እ.ኤ.አ.) ድረስ መሪው እርሱ ነበር።

ተስፋዬ የዘፈን ደራሲ ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የመድረክ ሰው ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ክበብ የመራ ሰው ያውቀዋል። ግጥም የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ ተመልካቹ ከመቀመጫው መቼ እንደሚነሣ አያውቅም። መድረክ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ግጥሙ ቢላላም ግድ የለውም። ተስፋዬ ሁለቱንም ይዞ የምሁራን ሙከራ ሆኖ ሊቀር ይችል የነበረውን ቡድን ሰው ወዶ የሚያየው ትርኢት አደረገው፤ ዘፈኑን ከውዝዋዜው፣ ውዝዋዜውን ከመሣሪያው ጋር አገናኝቶ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ሥራው ለምን ከባድ እንደሆነ ልናገር፤ ብዙ ሰው የባህል መሣሪያ ሰብስቦ ማጫወት ቀላል ይመስለዋል። ዋሽንት ከተበሳ በኋላ ድምፁ ያው ነው፤ ርዝመቱ ይወስነዋል። ስለዚህ ዋሽንት ተጫዋች ለየቅኝቱ የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ይዞ ይቀመጣል፤ ክራሩ ደግሞ ለእርሱ ሲባል ጅማቱን እያጠበቀና እያላላ ይቃኛል። ማሲንቆ አንድ ጭራ ስላለው ጣት ባረፈበት ይሄዳል፤ ለመሪ የሚመች እርሱ ነው። እምቢልታ ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ ብቻውን ዜማ ሊጨርስ አይችልም፤ ሦስት ሰዎች እየተቀባበሉ ነው ዜማው የሚሞላው፤ አንዱ ከዘገየ ሁሉም ይፈርሳል። በገና አሥር ጅማት አለው፤ ድምፁ ወፍራምና ዝቅ ያለ ነው፤ ከበሮ አጠገቡ ከተመታ ይጠፋል። እነዚህን ሁሉ አዳራሹ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው እኩል እንዲሰሙ ማድረግ የአቀናባሪ ጆሮ ይጠይቃል፤ ማን ፊት እንደሚቀመጥ፣ ማን ከመጋረጃ ጀርባ እየተጫወተ እንደሚገባ መወሰን ደግሞ የመድረክ ሰው ዓይን ይጠይቃል።

ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1969 «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም አሜሪካን ዞረ። ጉዞውን ያስተባበረው ቻርለስ ሰተን ነው፤ አዲስ አበባ በሰላም ጓድነት መጥቶ ከጌታመሳይ አበበ ማሲንቆ የተማረ አሜሪካዊ። በዚያው ዓመት በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ትርኢት ላይ ቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1964 ስመ ጥሩዎቹ የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ቢትልሶች የቀረቡት በዚሁ ትርኢት ላይ ነበር። ማሲንቆና ዋሽንት በዚያ መድረክ ሲሰሙ አስቡት! ወንድም ጋሼ ይህን ሲያወራ ድምፁ ይለወጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን አሳጥረዋለሁ። ዘመኑ ተለወጠ፤ ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1975 ተበተነ። ተስፋዬ በኋላ አሜሪካ ሄዶ ኖረ፤ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢም ባህላዊውን ሙዚቃና ውዝዋዜ ለስደተኛው ማሳየቱን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2013 እዚያው አሜሪካ አረፈ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የሚባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ 23ኛ ቅጹን ለኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ስለሰጠ የውጭ ሰው ቡድኑን ያውቀዋል። እኛ ጋ ግን ሠርግ ላይ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ በስልክ ስንቀባበል ዘፈን የሚታወቀው በድምፃዊው ስም ብቻ ነው። ለሌላው ሰው ጽፎ፣ ከሌላው ሰው ጀርባ ቆሞ የመራ ሰው በዚያ መንገድ ስሙ የሚሄድበት ቦታ የለውም።

ወደ ቤቱ ልመለስ። ባለቤቱ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት ነው፤ ከእርሱ ጋር አንዲት ልጅ ትሠራለች፤ የምትጽፈው እርሷ ናት። ሳጥኑን ስሰጠው ወዲያው ማሽን ላይ አልጫነውም። ከፍቶ አሸተተው።

«እናቴ፣ ይሄ ኮምጣጤ ይሸታል» አለኝ።

«ምን ማለት ነው ልጄ?»

«ክሩ አሴቴት ነው፤ የድሮው ዓይነት። ሲያረጅ እንዲህ ይሸታል፤ እየደረቀም ይሄዳል። በፍጥነት ወደኋላ ካጠነጠንኩት ይበጠሳል። አንዴ ነው የምናጫውተው፤ ለዚያች አንዴ ደግሞ ተዘጋጅተን ነው።»

«መቼ ታደርሰዋለህ?»

«ቀን አልቆርጥልዎትም። መብራት በሚቆራረጥበት ቀን ሪል አልነካም።»

ደስ አለኝ። ቀን አልቆርጥም ያለኝ ሰው ነገሩን ያወቀ ሰው ነው። ባትሪና ኢንቨርተር አለው፤ ቢሆንም መብራት ሲሄድና ሲመጣ ማሽኑ ለአፍታ ስለሚንገዳገድ ለደረቀ ክር አያምነውም። አብዛኛውን ሪል የሚሠራው ሌሊት ነው። ሌላው ችግሩ ጎረቤቱ ወፍጮ ቤት ነው። ብናኙ እንዳይገባ በሩ ላይ እርጥብ መጋረጃ ይሰቅላል፤ ማሽኖቹን በጨርቅ ይሸፍናል። ወፍጮው ሲዞር ወለሉ ስለሚንቀጠቀጥ መርፌው ይዘላልና ሸክላ የሚገለብጠው በእሑድና በበዓል ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር ቤቱ ከዚያ ቢነሣ ይሻለዋል፤ ነገርኩትም። ካራ አካባቢ ኪራይ እንደድሮው አይደለም አለኝ።

አሁን ስለ ሥራው። ያየሁትን በዝርዝር የምጽፈው ሌላ ቦታም ብትሄዱ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እንድታውቁ ነው።

የሪል ክር የሚቀዳበት ፍጥነት ይለያያል፤ ቤት ውስጥ የሚቀዱት ብዙዎቹ በሴኮንድ 9.5 ወይም 19 ሴንቲ ሜትር ናቸው። በ9.5 የተቀዳውን በ19 ብታጫውቱት ሰው ሁሉ ይንጫጫል፤ ያ ለማንም ግልጽ ነው። አስቸጋሪው ማሽኑ አርጅቶ ትንሽ ሲዘገይ ወይም ትንሽ ሲፈጥን ነው፤ ያኔ ዋሽንቱ ከተበሳበት ድምፅ ይርቃል፤ ክራሩን ይዞ አብሮ ለመለማመድ የሚፈልግ ተማሪም ግራ ይጋባል። ልጁ ይህን የሚያስተካክልበት መንገድ አስገርሞኛል። የእኛ አገር የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ሄርትዝ ነው። ከግድግዳ መብራት ተሰክቶ የተቀዳ ድምፅ ሥር ቀጭን ጉምጉምታ ይኖራል፤ ጉምጉምታውን ኮምፒውተሩ ላይ አጉልቶ ያየዋል። 50 ላይ ካረፈ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ ወደ 51 ወይም 52 ከሄደ ፈጥኗል ማለት ነው፤ በዚያው ልክ ይመልሰዋል። ከዚያ በኋላ ነው ጉምጉምታውን የሚቀንሰው። ሌላ ቦታ ቢሆን መጀመሪያ የሚያጠፉት እርሱን ነው፤ መለኪያውን አጠፉት ማለት ነው።

ካሴት ላይ ደግሞ በጥጥና በአልኮል ሄዱን (ክሩን የሚያነበውን የማሽኑን ክፍል) ካጸዳ በኋላ የሄዱን አቀማመጥ በትንሽ ብሎን መፍቻ ያስተካክላል። እያንዳንዱ ካሴት የተቀዳበት ቴፕ የሄድ አቀማመጡ ይለያያልና ለየካሴቱ እንደገና ነው የሚያስተካክለው። ሲያዞረው አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ማሲንቆው ከብርድ ልብስ ሥር እንደተቀበረ ሰው ነበር፤ ጥቂት ሲያዞረው የደጋኑ ጭራ የማሲንቆውን ጭራ ሲፈትገው የሚያሰማው ሻካራ ድምፅ ወጣ። ለእኔ ማሲንቆ ማለት ያ ድምፅ ነው። አጥርተናል ብለው እርሱን የሚያጠፉ አሉ፤ ይህ ልጅ አላጠፋውም። የክሩ «ሽሽ» የሚል ድምፅ ትንሽ ይቀራል፤ ይቅር። ከማሲንቆው ጋር ከሚሄድ ቢቀር ይሻላል።

ሪሉን ያሰማኝ ጥሩ ጆሮ ማዳመጫ አድርጎልኝ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነው። ክፍያ ከመጠየቁ በፊት ነው የሚያሰማው፤ ይህንን ልብ በሉልኝ። አስተዋዋቂው ሲናገር ወንድም ጋሼ መዝገቢያውን ትንሽ ዘግይቶ እንደጫነው ይሰማል፤ የመጀመሪያው ቃል ተቆርጧል። ከዚያ ከበሮ። ከዚያ ዋሽንት ብቻውን ገባ፤ ክራሮቹ ተከተሉት፤ ማሲንቆው ሲገባ ሁሉም ዝቅ አሉለት። ይህ ዝም ብሎ አልሆነም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «እዚህ ላይ ዝቅ በሉ» ብሏቸዋል፤ ተለማምደውታል፤ ደግመውታል። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ዘፈኑ ገና አላለቀም፤ ጭብጨባው ውስጥ ሌላ ምት ይጀምራል፤ ጭብጨባው ራሱ ከምቱ ጋር ይገጥማል። ተመልካችን እንዲህ አድርጎ ትርኢቱ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ነው የመድረክ ሰው የሚባለው። አልቅሻለሁ። ልጅቷ ውኃ ሰጠችኝ፤ ምንም አላለችም፤ ጨዋ ልጅ ናት።

ከዚያ ነው ቅጹን ያወጣችው። ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ መስመር አለ፤ የዘፈኑ ስም፣ ድምፃዊ፣ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ መሣሪያ ተጫዋቾች፣ የተቀዳበት፣ ከማን እንደተገኘ። ሳጥኑን አነበበች፤ ደግማ አነበበች።

«እማዬ፣ እዚህ የተጻፈው መሪ ተስፋዬ ለማ ነው የሚለው። ግጥሙም የእርሳቸው ነው ልበል?»

እኔ ቸኩዬ አዎ በይ ልላት ነበር፤ ልቤ ያንን ይፈልጋል። ባለቤቱ ግን ከኮምፒውተሩ ሳይዞር «የተባለበትን ብቻ» አለ። አስተዋዋቂው ደራሲውን የጠራበት ዘፈን ላይ ስሙ ተጻፈ፤ ያልጠራበት ላይ «መሪ፦ ተስፋዬ ለማ» ተብሎ የግጥሙና የዜማው ቦታ «አልተገለጸም» ተባለ። ልክ ናቸው። ለተስፋዬ ያልጻፈውን መስጠት ሌላ ደራሲ ላይ መውሰድ ነው፤ ያ ሌላ ደራሲ ደግሞ እንደ እርሱ ስሙን የሚያነሣለት ላይኖረው ይችላል። ተጫዋቾቹንም እንዲሁ። ወንድም ጋሼ ዋሽንትና ማሲንቆ ብሎ የሰው ስም ካልጻፈበት የመሣሪያው ስም ብቻ ይገባል። እኔ ኦርኬስትራው ውስጥ ጌታመሳይ አበበም፣ መላኩ ገላውም፣ ዮሐንስ አፈወርቅም እንደነበሩ አውቃለሁ፤ ግን በዚያች ቀን ማን ዋሽንቱን እንደያዘ ክሩ አይናገርም።

ይህ መረጃ ፋይሉ ውስጥ ይገባል፤ ወረቀት ላይ ብቻ አይደለም። ስልካችሁ ላይ ስታጫውቱት ይታያል፤ ለሌላ ሰው ስትልኩትም አብሮ ይሄዳል። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ለደራሲ ስሙ በሥራው ላይ እንዲጠቀስ መብት ይሰጠዋል፤ እኛ ግን በየቀኑ በእጃችን ስሙን እየቆረጥን ነው የምንቀባበለው። ቤቱ የገለበጠውን ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ ቴሌግራም ላይም አይለቅም፤ ይህን ቅጹ ላይ ያስፈርማሉ።

አስተማሪ ነኝና አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ቤት መጥቶ ቴአትርና መዝሙር አገናኝቶ ለመድረክ ሲያቀርብ ዘመኑ የቴፕ ዘመን አልነበረም። «አፋጀሺኝ» የተባለውን ቴአትሩን ዛሬ የምናስተምረው ከጽሑፍ ነው። መድረኩ ላይ ዜማው እንዴት እንደወጣ፣ ሰው የት ላይ እንደሳቀ፣ የት ላይ እንዳጨበጨበ ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝ የምሰጣቸው መልስ አልነበረኝም። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመበት፣ ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. በያኔው ስሙ ከተከፈተበት ጊዜ ወዲህ በእነዚያ መድረኮች ስንት ሰው ጽፎ፣ አቀናብሮ፣ አስጨፍሮ አልፏል። የተስፋዬ ዘመን ግን ቴፕ ነበረው፤ ክሩ በየሰው ቤት ቁም ሣጥን ላይ አለ፤ በየዓመቱም እየደረቀ ነው። ስለዚህ ነው እንዲህ የምወተውታችሁ።

ዋጋውን ልጻፍ። 60 ደቂቃ ካሴት 300 ብር፣ 90 ደቂቃ 400 ብር፤ ሻጋታ ካለበት ማጽጃ 100 ብር ይጨምራሉ። ትንሿ ሸክላ 150 ብር ናት። ሪል 1,200 ብር ነው፤ ውድ ነው፤ ለጡረተኛ በጣም ውድ ነው። ግን የሌሊት ሥራ መሆኑን ካየሁ በኋላ አልተከራከርኩም። ግማሹን ቀድሞ ይቀበላሉ። ፍላሽ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ እነርሱ ጋ ያለው ትንሹ ነው። ሁለት ዓይነት ፋይል ይሰጧችኋል፤ አንዱ ሳይጨመቅ የሚቀመጥ፣ አንዱ ለስልክ የሚሆን ቀላል። ሳይጨመቅ የሚቀመጠው የአንድ ሰዓት ሪል ወደ 2 ጊጋ ባይት ይወስዳልና 16 ጊጋ ፍላሽ ቶሎ ይሞላል።

የማይሠሩትም አለ። የቪዲዮ ካሴት አይገለብጡም። ስልክ ሲደወልላቸው አያነሡም፤ ማሽን ላይ ከሆኑ በአካል ብትሄዱም በሩ ተዘግቶ ታገኛላችሁ፤ ማንኳኳት ነው። መቀመጫው ያቺው አንድ አግዳሚ ናት፤ ሰው ከበዛ ውጭ ቆማችሁ የወፍጮውን ብናኝ ትጠግባላችሁ። ደረሰኝ በእጅ ነው የሚጽፉት። አንዱ ፋይሌ ላይ የሁለት ዘፈኖች ስም ተቀያይሮ ነበር፤ ስነግራቸው እዚያው ከፍተው አስተካከሉት፤ ወረቀቱንም እንደገና አተሙልኝ። የወረቀቱ ፊደል ግን በጣም ደቃቅ ነው፤ መነጽሬን አድርጌም ይቸግረኛል፤ ይህን ቢያሻሽሉ ለእኔ ዓይነቱ ደንበኛ ትልቅ ነገር ነው።

ስትሄዱ ካሴቱን ብቻ ነጥላችሁ አትውሰዱ፤ ሽፋኑን፣ ሳጥኑን፣ ውስጡ የተጣጠፈ ወረቀት ካለም እርሱን ጭምር ያዙ። የቀዳው ሰው በሕይወት ካለ አስቀድማችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት፤ መቼ ቀዳኸው፣ ከየት፣ ማን ጻፈው፣ ማን ተጫወተው። የሚነግራችሁን በእርሱ ስም ጽፋችሁ ስጧቸው፤ «እንደነገረን» ብለው ያስገቡታል። ክሩ ኮምጣጤ ከሸተተ ቤት ውስጥ ለማጫወት አትሞክሩ፤ ከሌሎቹ ክሮች ለዩትና ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት፤ ቀድማችሁም እርሱን ውሰዱ። ሰኞ ይዘጋሉ። ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል፤ ጠዋት ጠዋት ሌሊት ሲሠሩ ስለሚያድሩ ዘግይተው ነው የሚከፍቱት። የቀሩኝን የወንድም ጋሼ ሸክላዎች እሑድ እወስዳለሁ፤ ወፍጮው ያን ቀን ዝግ ነው።